የካሉባ ደምና የዱባ ቅጠል

ዶናቶ ካሉባ በስልሳ ስድስት ዓመቱ የቅጠል ሌባ ሆነ። በሉዋንሺያ ከተማ ማዕድን ቆፋሪዎችን ወደ ጉድጓድ የሚያወርደውንና የሚያወጣውን አሳንሰር ሰላሳ አንድ ዓመት ነድቶ፣ አንድ ሰው ሳይጎዳበት ጡረታ የወጣ ሰው ነው። በቤተ ክርስቲያንም ከፊት ወንበር ከሽማግሌዎች ጋር ነው የሚቀመጠው። እንዲህ ያለው ሰው ከሚስቱ ተደብቆ የዱባ ቅጠል ሊበላ በእህቱ የጓሮ በር መሹለክ ጀመረ።

መነሻው ግራ እግሩ ነው። ከምባላ እስከ ሉዋንሺያ በአውቶቡስ አስራ አምስት ሰዓት ሲመጣ፣ የአክስቱ ልጅ የሰጠችው ሁለት ጆንያ ቦሎቄ እግሩ ስር ተቀምጦ ስለነበር መላወሻ አልነበረውም። ቤቱ በገባ በሦስተኛው ቀን ባቱ አብጦ ሱሪው አልወጣ አለው። ከአራት ዓመት በፊትም ያው እግር እንዲሁ ሆኖ ነበር። ሐኪሙ ደም ሥሩ ውስጥ ደም ረግቷል አለ፤ ሁለተኛ ጊዜው ስለሆነም ደም ማቅጠኛውን ኪኒን ዕድሜ ልኩን እንደሚወስድ ነግሮት፣ በየሁለት ሳምንቱ ረቡዕ ደሙን ወደምትመረምረው ነርስ ላከው።

ነርሷ ሲስተር ጄሬ ትባላለች። ከምሥራቅ፣ ከቺፓታ የመጣች ንጎኒ ናት። ካሉባ ደግሞ ቤምባ ነው። ቤምባና ንጎኒ ሲገናኙ መሰዳደብ ወጋቸው ነው፤ ያልተሳደበ የተኳረፈ ይመስላል።

"እንኳን ደህና መጡ አባቴ" አለችው ካርዱን እያየች። "ዝንጀሮ ሊበሉ ሲያባርሩ ነው እግርዎ እንዲህ የሆነው?"

"የለም ልጄ፤ እናንተ የምትበሉት አይጥ ነክሶኝ ነው።"

"አይጣችን ቤምባ አይነክስም። ሥጋችሁ ይመረዋል።"

ዶናቶ ሳቀ፤ አጠገቡ የተቀመጠችው ሚስቱ ፌሊስታስ ግን አልሳቀችም። እሷ የመጣችው ልትሰማ ነው። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ወደፊት ዘንበል ብላለች። ሲስተር ጄሬም ወደ ቁም ነገሩ ገባች።

"ስንቆረጥ ደማችን የሚቆመው ጉበታችን በሚሠራቸው ነገሮች ነው። ጉበት ደግሞ እነሱን ለመሥራት ቫይታሚን ኬ ያስፈልገዋል። ቫይታሚን ኬ በብዛት ያለው አረንጓዴ ቅጠል ውስጥ ነው፤ ጎመን፣ የዱባ ቅጠል፣ የስኳር ድንች ቅጠል። ይህ ኪኒን የቫይታሚን ኬን ሥራ ያደናቅፋል። ስለዚህ ቅጠልና ኪኒን ይጣላሉ።"

የፌሊስታስ ስልክ የጮኸው እዚህች ላይ ነበር። ከሶልዌዚ የምትደውለው ትልቋ ልጃቸው ሙሌንጋ ናት። ፌሊስታስ ይቅርታ ጠይቃ ወደ ኮሪደሩ ወጣች።

"ታዲያ ቅጠል ይተዉ ማለቴ አይደለም" ብላ ቀጠለች ሲስተር ጄሬ። "ለደምዎም ለአጥንትዎም ያስፈልግዎታል። ብቻ በየቀኑ እኩል ይሁን። ዛሬ አንድ ድስት፣ ነገ ባዶ፣ እንዲህ አይሆንም። እኩል ከበሉ እኔ ኪኒኑን በልኩ አስተካክልልዎታለሁ። የደምዎ ቁጥር ከሁለት እስከ ሦስት መሆን አለበት። ከሁለት ከወረደ ደሙ ይረጋል፤ ከሦስት እየራቀ ከሄደ መድማት ይመጣል። ገባዎት?"

"ገብቶኛል" አለ ዶናቶ።

አልገባውም። በጆሮው ሰምቷል፤ ልቡ ግን የቤምባ ሥጋ ይመራል ለተባለው መልስ እየፈለገ ነበር። መልሱን ያገኘው ታክሲ ውስጥ ከገቡ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሲስተር ጄሬ የለችም።

"እኔ ከወጣሁ በኋላ ሌላ ምን አለች?" አለችው ፌሊስታስ።

"ያንኑ ነው የደጋገመችው" አላት ዶናቶ።

ፌሊስታስ የጀመረችውን ነገር መንገድ ላይ የምትተው ሴት አይደለችም። ያን ቀን ከሰዓት ቀሚሷን ሰብስባ ጓሮ ገባች። አምስት መደብ ጎመኗን ነቅላ ለቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን አከፋፈለች። ቢጫ አበባ አውጥቶ አጥሩ ላይ የወጣውን የዱባ ሐረግ ከሥሩ ጎትታ ጣለችው። ዶናቶ በረንዳ ላይ ቆሞ ያያታል።

"የዱባውን እንኳ ብትተዪው" አላት። "እሱ እኮ ቺብዋብዋ ነው።"

ቺብዋብዋ ማለት የዱባ ቅጠል ነው። ዶናቶ ስሙን ሲጠራው የልጁን ስም የሚጠራ ይመስላል።

"የሙሌንጋ አባት፣ ቺብዋብዋ ሲበላህ ከማይ እኔ ብበላው ይሻላል" አለችው። ሐረጉን ግን አልበላችውም፤ ለጎረቤት ፍየል ሰጠችው።

ከዚያ በኋላ ከበቆሎ ዱቄት የሚገነፋው ንሺማ በዓሣ ቀረበ። በማግስቱ በዶሮ። በሦስተኛው ቀን በቦሎቄ፤ ያ የምባላው ቦሎቄ ሁለት ጆንያ ሙሉ አለ። ከዚያ እንደገና በዓሣ። ሌላ ሰው ቢሆን ይመርቃት ነበር። ዶናቶ ግን ያለ ቅጠል የሚበላ ንሺማ ጉሮሮው ላይ ይቆምበታል። አስራ አራት ቀን ቻለ። የመጀመሪያው ምርመራ ላይ ቁጥሩ ሁለት ነጥብ ስድስት ሆነ፤ ሲስተር ጄሬም "ጎሽ፣ ለቤምባ ጥሩ ነው" አለችው። በማግስቱ እህቱ ቤት ሄደ።

እትዬ ጄኔሮዛ በአምስት ዓመት ትበልጠዋለች፤ ቤቷ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ነው። ሥራዋ ናቺምቡሳ ነው፤ የሚያገቡ ልጃገረዶችን ስለ ትዳር ታስተምራለች። ከሰላሳ ዘጠኝ ዓመት በፊት ፌሊስታስንም ያስተማረቻት እሷው ናት። እስከ ዛሬም "ሙሽራዬ" ነው የምትላት።

ወንድሟ ሲገባ እትዬ ጄኔሮዛ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የዱባ ቅጠል ክሩን ትልጣለች። ቀና ብላ አየችው።

"ምን ሆነህ ነው እንዲህ ያለቅኸው?"

"ምንም።"

"ምንምህ ጉንጭህ ላይ ይታያል። ምንድን ነው የምታበላህ?"

"ዓሣ። ዶሮ።"

"በአዘቦት ቀን? ቅጠልስ?"

ዶናቶ እጇ ላይ ያለውን ቅጠል እያየ ምራቁን ዋጠ። "ቅጠል ተከልክያለሁ" አለ።

"የትኛው ሐኪም ነው ቺብዋብዋ የሚከለክል?"

"ነርሷ ናት። ንጎኒ ናት።"

"እ" አለች እትዬ ጄኔሮዛ። "ንጎኒ ናት። በል ተቀመጥ።" ጉዳዩ ለእሷ እዚያው ላይ አለቀ።

ኦቾሎኒውን ወቅጣ ቅጠሉ ላይ ጨመረችበት፤ ቲማቲም አከለችበት። ድስቱ ቀስ እያለ ሲንተከተክ ዶናቶ እንደ ልጅ ጉልበቱን አቅፎ ጠበቀ። ንሺማውን በጣቱ ጠቅልሎ፣ በአውራ ጣቱ ጎድጉዶ፣ ቅጠሉን ዝቆ ሲጎርስ ዓይኑን ጨፈነ። ሁለት ሳህን በላ። እህቱ ሦስተኛውን ስትጨምርለት እምቢ አላለም።

ከዚያ ወዲህ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ የጡረተኞች ስብሰባ አለ ማለት ጀመረ።

"ጡረተኞች ይህን ያህል የሚሰበሰቡበት ምን ነገር አላቸው?" ትለዋለች ፌሊስታስ።

"ብዙ ነገር አለ" ይላታል። አጥፍቶ አያውቅምና ውሸት አልለመደም፤ ሲዋሽ ጆሮውን ያካል። ከእህቱ ቤት ሲወጣ እጁን ሁለት ጊዜ በሳሙና ይታጠባል፣ አፉን በጨው ውሃ ይጉመጠመጣል። አንድ ቅዳሜ ጢሙ ላይ አረንጓዴ ነገር ቀርቶ ተገኘ።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለችው ሚስቱ በጣቷ እያነሳች።

"ቀለም ነው። የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ስንቀባ ውለን።"

የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሰማያዊ ነው። ፌሊስታስ ለረጅም ጊዜ አየችው፤ ከዚያ ወደ ማድ ቤት ገባች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእራት በፊት የሚጸለየው ጸሎት ረዘመ።

ችግሩ ቁጥሩ ነው። ቅጠሉ ሲገባ ቁጥሩ ወረደ። አንድ ነጥብ አምስት ሆነ። ሲስተር ጄሬ ግንባሯን ቋጠረች።

"ኪኒኑን ይውጣሉ?"

ከዶናቶ በፊት ፌሊስታስ መለሰች። "እኔ ፊት ነው የሚውጠው። ከዋጠም በኋላ ምላሱን አንስቶ ያሳየኛል።"

"አመጋገቡስ? የለወጣችሁት ነገር አለ?"

"ምንም" አለች ፌሊስታስ ኮራ ብላ። "ያን ቀን እንዳልሽኝ ነው የማደርገው። አንዲት ነገር አላጓደልኩም።"

ዶናቶ ጆሮውን አከከ። ሲስተር ጄሬ ኪኒኑን ጨመረችለት። በሚቀጥለው ረቡዕ አንድ ነጥብ ስድስት ሆነ፤ እንደገና ጨመረችለት። በአምስት ሚሊግራም የጀመረው ሰውዬ በአራተኛው ወር ዘጠኝ ደረሰ። ቁጥሩም በመጨረሻ ሁለት ነጥብ ሁለት ሆነና ሁሉም ተመሰገኑ። የቅጠሉ ድስትና የኪኒኑ ብልቃጥ እንደ ገመድ ጉተታ ተጫዋቾች ግራና ቀኝ ተወጥረው ቆሙ። ስለ ቅጠሉ ከዶናቶና ከእህቱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ ሁለቱም ቢሆኑ ገመድ መኖሩን አያውቁም።

በዚህ መሐል እትዬ ጄኔሮዛ ከካሳማ ጥሪ መጣላት። አንዲት የዘመድ ልጅ ልታገባ ነውና ሙሽራዋን የምታስተምር ናቺምቡሳ ይፈለጋል። ለሦስት ሳምንት ሄደች።

"ስመለስ አበላሃለሁ" አለችው አውቶቡስ መናኸሪያው ላይ። "እስከዚያው ዓሣህን ብላ።"

ዶናቶም ዓሣውን በላ። ዘጠኝ ሚሊግራሙንም ዋጠ። በሳምንቱ ጥርሱን ሲፍቅ ድዱ ደማ። በስምንተኛው ቀን ክንዱ ላይ የመታው ሳይኖር የበለዘ ቦታ አየ፤ የሸሚዙን እጅጌ ወደ ታች አወረደበት። ለሚስቱ ቢነግራት የት የት እንደዋለ መጠየቅ ትጀምራለች ብሎ ፈራ።

በአስረኛው ቀን ጠዋት ጢሙን ሲላጭ አገጩን ቆረጠው። የጤፍ ፍሬ የምታህል ቁስል ናት። ጋዜጣ ቀዶ ለጠፈባት፤ ራሰ። ሌላ ለጠፈ፤ ራሰ። ፌሊስታስ ስኳር አመጣች፣ ቀጥላ አመድ፣ ቀጥላ የራሷን ጣት። ግማሽ ሰዓት ሙሉ አገጩን ይዛ አጠገቡ ቆመች።

"አሁን ቆሟል" አለ ዶናቶ።

ቀና ሲል አፍንጫው ጀመረው።

በታክሲው ኋላ ወንበር ላይ ፌሊስታስ አንገቱን ወደፊት አዘንብላ አፍንጫውን በሁለት ጣቷ ቆንጥጣ ይዛለች። ፎጣው ቀልቷል። በሌላ እጇ ለእትዬ ጄኔሮዛ ደውላ "ወንድምዎ ደም እየፈሰሰው ነው፣ ሐኪም ቤት እየሄድን ነው" ብላ ዘጋች። ዶናቶ ያን ጊዜ ፈራ። አሳንሰር በሚነዳበት ዘመን ከበላዩ ያለውን ገመድ አንድም ቀን ተጠራጥሮ አያውቅም ነበር። አሁን የገዛ ደሙ እምቢ ሲለው፣ ሚስቱ እንዳትለቀው ቀሚሷን ጨብጦ ያዘ። እሷም አልለቀቀችውም።

ሲስተር ጄሬ ጣቱን ወግታ ማሽኑን ስታይ ፊቷ ተለወጠ። ቁጥሩ ስምንት ነጥብ ሁለት ነው። ሐኪሙን ጠርታ መጣች፤ ሐኪሙም አይቶ አዘዘ። ከትንሽ ብልቃጥ ቢጫ ነገር በሲሪንጅ ቀድታ፣ መርፌውን ነቅላ፣ አፉ ውስጥ አንጠባጠበችለት።

"ይዋጡት አባቴ። ዛሬና ነገ ኪኒኑን አይውጡም። እስከ ነገ እዚሁ ይቆያሉ።"

"ምንድን ነው ያጠጣሽው?" አለች ፌሊስታስ፤ እጇ አሁንም አፍንጫው ላይ ነው።

"ቫይታሚን ኬ።"

"የትኛው ቫይታሚን ኬ?"

"ያው የነገርኳችሁ። ጎመን ውስጥ ያለው። ጉበቱ ደም የሚያቆመውን ነገር እንዲሠራ።"

ፌሊስታስ እጇን ከባሏ አፍንጫ ላይ አነሳች። ደግነቱ መድማቱ ቀንሶ ነበር።

"አራት ወር ሙሉ ከአፉ የቀማሁትን ነው አንቺ በመርፌ የምታጠጪው?"

"ምን ቀሙት?"

"ቅጠል ነዋ። አምስት መደብ ጎመን ነቅያለሁ። ዱባዬን ለፍየል ሰጥቻለሁ። በቤቴ ቅጠል የሚባል ነገር ከገባ አራት ወር አልፎታል።"

"ማን ነቅለው ይጣሉ አለዎት?"

"አንቺ።"

"እኔ በየቀኑ እኩል ይብላ ነው ያልኩት።"

"ይጣላሉ ነው ያልሽው። ቅጠልና ኪኒን ይጣላሉ።"

"ከዚያ በኋላ ያልኩትስ?"

ፌሊስታስ ኮሪደሩንና ስልኩን አስታወሰች። ቀስ ብላ ወደ ባሏ ዞረች። ዶናቶ ጣሪያውን ያያል።

ሲስተር ጄሬ ግን ሌላ ነገር ነው የከነከናት። ካርዱን አነሳች፣ ቁጥሮቹን ከላይ እስከ ታች በብዕሯ ጫፍ ተከተለች። "ቆይ" አለች። "አራት ወር ቅጠል ካልበላ ይህ ቁጥር እንዴት ወረደ? እኔ ለምንድን ነው እስከ ዘጠኝ የጨመርኩለት? አባቴ፣ እርስዎ ሌላ ቦታ ይበላሉ?"

ዶናቶ አፉን ከመክፈቱ በፊት የፌሊስታስ ስልክ ጮኸ። እትዬ ጄኔሮዛ ናት። ከካሳማ የሚመጣው ድምፅ ከሙሽሪት ቤት ከበሮ ጋር ተቀላቅሎ ክፍሉን ሞላው፤ እትዬ ጄኔሮዛ ስልክ ስትይዝ መንገዱን ሁሉ በጉሮሮዋ የምታቋርጥ ነው የሚመስላት።

"ሙሽራዬ፣ ሞተ?"

"አልሞተም እትዬ።"

"ጥፋቱ የኔ ነው። እኔ ነኝ የገደልኩት። ሐኪም የከለከለውን ቺብዋብዋ ማክሰኞ ሐሙስ ቅዳሜ ሳበላው ነበር። በኦቾሎኒ ነው የሠራሁለት። ሦስት ሦስት ሳህን ነው የሚበላው። ለዚያች ንጎኒ ንገሪያት፣ ትስደበኝ፣ ግን ታድነው።"

ሲስተር ጄሬ ስልኩን ተቀበለች። "እናቴ፣ ንጎኒዋ እኔ ነኝ። አልገደሉትም። እርስዎ ስለሄዱ ነው የደማው።"

"እንዴት ነው ያልሽው?" አለች እትዬ ጄኔሮዛ።

"ቅጠልዎን ተማምኜ ኪኒን ጨመርኩ፤ ሳላውቅ። ቅጠሉ ሲቋረጥ ኪኒኑ ብቻውን ቀረ።"

"እኔም ብዬ ነበር" አለች እትዬ ጄኔሮዛ፤ ድምፅዋ ወዲያው ተቃና። "ቺብዋብዋ ሰው አይገድልም ብያለሁ።"

ስልኩ ሲዘጋ ፌሊስታስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"ሴት መስሎኝ ነበር" አለች።

"ምን?" አለ ዶናቶ።

"እጅህን በሳሙና ታጥበህ፣ አፍህን ተጉመጥምጠህ ስትመጣ። አረንጓዴ የዓይን ኩል የምትቀባ ሴት ያዘ ብዬ። በየእራቱ የምጸልየው ለምን ይመስልሃል?"

"በስልሳ ስድስት ዓመቴ?"

"በዚህ እግር?" አለች ሲስተር ጄሬም፣ ከዚያ ሳቋ እንዳያመልጣት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ፌሊስታስ አልሳቀችም። "ካማረህ ለምን አልነገርከኝም? እኔ እኮ አብሬህ ትቼ ነበር። መዘምራኖቹ ቤት ሲያቀርቡልኝ እንኳ አልነካሁም። አንተ ሳትበላ እንዴት ብዬ።"

ሚስቱ ቅጠል እሱ ከሚወደው በላይ እንደምትወድ ዶናቶ ያውቃል። ከተጋቡ ጀምሮ ከድስቱ ሥር የሚቀረውን በጣቷ ጠርጋ የምትበላ እሷ ናት። አራት ወር ሙሉ ከፊቱ ተቀምጣ ዓሣ ስትበላ አንድ ቀን እንኳ ሳህኗን ልብ ብሎ አላየም። አሁን ከአፍንጫው ይልቅ ይህ አመመው።

በማግስቱ ቁጥሩ ሁለት ነጥብ ዘጠኝ ሆኖ ወደ ቤት ሄደ። ሲስተር ጄሬ ኪኒኑን ወደ አምስት መልሳ፣ ይህን ጊዜ ሁለቱንም አስቀምጣ፣ ስልካቸውን አስጠፍታ፣ ያለችውን አንድ በአንድ መልሰው እስኪነግሯት ድረስ አለቀቀቻቸውም። በየቀኑ አንድ የሻይ ኩባያ የበሰለ ቅጠል። አንድም ቀን ሳይቀር፣ አንድም ቀን ሳይበዛ።

ፌሊስታስ ግን ሁለት ቀን አላናገረችውም። ቅጠሉን ትቀቅላለች፣ በኩባያ ለክታ ታቀርባለች፣ ራሷ ግን አትበላም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት እሷ ለልብስ እጥበት ጓሮ ስትወጣ ዶናቶ ገበያ ሄደ። አንድ እቅፍ የዱባ ቅጠል ይዞ ተመለሰና ማድ ቤት ገብቶ በሩን ዘጋ። ሰላሳ ዘጠኝ ዓመት በትዳር ኖሮ እሳት ላይ ድስት ጥዶ አያውቅም። ኦቾሎኒውን ወቀጠ፤ ግማሹ ወለሉ ላይ ተበተነ። ውሃ ጨመረ፣ በዛበት፣ ደፋው፣ ጣቱን አቃጠለው። ቅጠሉ ክሩ መላጥ እንዳለበት ስንት ጊዜ እህቱ ስታደርገው ቁጭ ብሎ አይቷል፤ አይቶ ግን አላስተዋለም።

ሳህኑን ይዞ ጓሮ ወጣ። ፌሊስታስ በአረፋ የተሞላ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ ሳህኑን አየች፣ እሱን አየች። ከዚያ ተቀበለችው። አንድ ጎረሰች። አኘከች። ማኘኳን ቀጠለች። ለረጅም ጊዜ አኘከች።

"የሙሌንጋ አባት" አለችው በመጨረሻ፣ ከጥርሷ መሐል ረጅም ክር እየጎተተች፣ "ይህንን የአሳንሰርህን ገመድ ነው የቀቀልከው?"

"ጥሩ አይደለም?"

"ጨው የለውም። ክሩ አልተላጠም። ኦቾሎኒው አልደቀቀም።" ሌላ ጎረሰች። "ተቀመጥ። ኩባያህን አምጣና ያንተን ልለካ፤ የተረፈው የኔ ነው።"

እትዬ ጄኔሮዛ ከካሳማ የተመለሰችው በሳምንቱ ነው። ቦርሳዋን ቤቷ እንኳ ሳታደርስ በቀጥታ ወደ ፌሊስታስ ቤት መጣች። ለሰው ይቅርታ መጠየቅ የማታውቅ ሴት ናት፤ ሙሽሮች ናቸው እሷን ይቅርታ የሚጠይቋት። ስለዚህ ይቅርታ አልጠየቀችም። ከቦርሳዋ አንድ ጨርቅ የዱባ ፍሬ አወጣች፣ ጓሮ ገባች፣ በሰባ አንድ ዓመቷ ተንበርክካ ሐረጉ የተነቀለበትን ቦታ በእጇ መጫር ጀመረች። ፌሊስታስ ከበሩ ላይ ሆና ጥቂት አየቻት፤ ከዚያ ባልዲ ውሃ ይዛ ወጣች።

"ሁለት ሁለት ፍሬ ነው የሚደረገው እትዬ" አለቻት።

"ሦስት ነው። እኔ ነኝ ያስተማርኩሽ።"

"ያኔም ሁለት ነው ያሉኝ።"

ዕርቁ ይኸው ነበር። ያልታረቁት ግን በኩባያው ነው። ዶናቶ አራት ቀን በቤቱ፣ ሦስት ቀን በእህቱ ቤት እንዲበላ ተወሰነ። ከዚያ እትዬ ጄኔሮዛ ቅጠሉን በማንኪያ ጠቅጥቃ እንደምትሞላ ፌሊስታስ ደረሰችበት። እትዬ ጄኔሮዛ ደግሞ ፌሊስታስ ኩባያውን ከአፉ ዝቅ አድርጋ ነው የምትሞላው አለች። የሁለቱ ኩባያ እኩል አይደለም ተባለ። ሁለቱም ኩባያቸውን በፌስታል ይዘው ረቡዕ ሲስተር ጄሬ ዘንድ ቀረቡ፤ በሽተኛው መሐላቸው ተቀምጧል።

ሲስተር ጄሬ በሁለቱም ኩባያ ውሃ ለካች። እኩል ናቸው። "ሳይጠቀጠቅ፣ እስከ አፉ" ብላ ፈረደች። "ዝንጀሮ የሚበላ ሕዝብ ኩባያ መለካት እንዴት ይቸገራል?"

"አይጥማ በኩባያ አይለካም" አለች እትዬ ጄኔሮዛ። "በጅራቱ ነው የሚቆጠር።" ሲስተር ጄሬ ከልቧ ሳቀች።

ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ተረጋጋ። ሁለት ነጥብ አራት፣ ሁለት ነጥብ ስድስት፣ ሁለት ነጥብ አምስት። የእግሩ እብጠት ጎደለ፤ ጢሙን ሲላጭ ቢቆረጥም ጋዜጣ ሳይለጥፍ ይቆማል። ዱባውም አጥሩ ላይ ወጥቶ ለኩባያው የሚበቃ ቅጠል በየቀኑ ይሰጣል። ሁሉም ነገር ሲስተር ጄሬ እንዳለችው ሆነ።

ዶናቶ ግን በሦስተኛው ወር አንድ ረቡዕ፣ ሁለቱ ሴቶች ከኋላው ተቀምጠው ሳለ፣ ወደ ነርሷ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እሑድ እሑድ ብቻ ቢቀርልኝስ? ዶሮ ብቻ ብበላ። ዓሣም ቢሆን ግድ የለኝም።"

"ቺብዋብዋ ሰለቸዎት?"

"አልሰለቸኝም። ብቻ ድሮ ሲያምረኝ ነበር የምበላው። አሁን ሳያምረኝ ይመጣል።"

ሲስተር ጄሬ ብዕሯን አስቀምጣ ከትከሻው በላይ ወደ ኋላ አየች። "እናቶቼ፣ ምን ትላላችሁ?"

"አይሆንም" አሉ ፌሊስታስና እትዬ ጄኔሮዛ በአንድ ላይ። ከዚያ እርስ በርስ ተያዩ፤ በአንድ ነገር ሲስማሙ የመጀመሪያቸው ነበርና ሁለቱም ትንሽ ደነገጡ።

ዶናቶ ካርዱን ኪሱ ከተተና ተነሳ። የዕለቱ ተራ የእህቱ ነበር። ሦስቱም በአንድ ታክሲ እሷ ቤት ሄዱ፤ ኦቾሎኒውን ፌሊስታስ ወቀጠች፣ እትዬ ጄኔሮዛ አልደቀቀም አለቻት፣ እሱም ምሳው እስኪለካለት ጥላው ስር ቁጭ ብሎ ጠበቀ።